ኻልዴ ልናገለግል ሄደን

መስከረም 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ደክዋኔ

ይህን ደብተር የገዛሁት ልጃችን ናዝራዊት፣ ናዚ የምንላት፣ የዐረብኛ ፊደል እንድትለማመድበት ነበር። መስመሩ ጠባብ ነው ብላ ጠላችው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከጠላች ጠላች። ስለዚህ ለእኔ ቀረ።

ቤሩት ከገባን ወር ሊሞላን ነው። ቤታችን ከመኪና ጋራዥ በላይ ነው፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰን መዶሻ ነው። ሰው ሲጠይቀን ባሌ ፋኑኤል "አዲስ አበባ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለስድስት ወር ነው የላከችን" ይላል። እኔ "እስከ መጋቢት ብቻ" እላለሁ። ነገሩ አንድ ነው፤ እኔ ስለው ግን ያጠረ ይመስለኛል። ሆሳዕና ያለውን ቤታችንን ለእህቴ አደራ ሰጥቼ ነው የወጣሁት፤ መጋረጃው እንኳ አልታጠበም።

ዛሬ እህት ሮማነወርቅ መጣች። የደክዋኔ ኅብረታችን መሪ እሷ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ በሰው ቤት እየሠራች፣ በእሑድ ዕረፍቷ ይቺን ቤተ ክርስቲያን በኪራይ አዳራሽ ያቆመች ሴት። የምትናገረው ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል።

"ወንጌላዊ" አለችው ባሌን፣ "እኛ ጋ ያሉት በጎች ጠግበዋል። ኻልዴ፣ ከኤርፖርቱ ወዲያ፣ ከየማዳሞቻቸው የወጡ እህቶች አሉ። ኢቃማ፣ ያኒ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ የወታደሮቹን ሃጂዝ አያልፉም፤ ኬላው እዚያው በራቸው ላይ ነው። እነሱ ወደ እኛ አይመጡም፣ የእኛ ልጆችም ፈርተው አይሄዱም። እናንተ ፓስፖርታችሁ ንጹሕ ነው። ያላ፣ ሂዱ።"

የፋኑኤል ዓይን በራ። ካርታ ላይ ኻልዴ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እዚህ ያሉት ግን እንደ ሌላ አገር ነው የሚያወሩት።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ሄድን። በሦስት ቫን፤ ከደክዋኔ ደውራ፣ ከደውራ ኮላ፣ ከኮላ ኻልዴ። ሦስተኛው ሹፌር አንድ እጁን ስልኩ ላይ፣ አንድ እጁን ቡናው ላይ አድርጎ በጉልበቱ ነው መሰለኝ የሚነዳው።

አውራ ጎዳናው ዳር የችግኝ መሸጫ አለ። ከኋላው ያልተለሰነ፣ ብረቱ ወደ ሰማይ የቆመ ሕንጻ። መስኮቱ ላስቲክ ነው። ጠባቂው ሱሩር የሚባል ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛ የተማረው ከሴቶቹ ብቻ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ይላል። ፋኑኤልን ገና ሲያየው "ነይ፣ ነይ፣ አትፍሪ" አለው። ናዚ ከሳቋ የተነሣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሴቶቹ ወደ አሥር ይጠጋሉ። አንዳንዱ ልብስ ያጥባል፣ አንዳንዱ ፀጉር ይሠራል። ፋኑኤል መጽሐፉን ገልጦ ቆመ። አውሮፕላን የሚያርፍበት መስመር ሥር መሆናችንን ያወቅነው ያኔ ነው፤ "እግዚአብሔር" ባለ ቁጥር አንድ አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ያልፋል። አራተኛው ሲያልፍ ሽታዬ የምትባለው፣ ሃምሳ የሚሆናት፣ ማተብ ያሰረች ሴት አንሶላዋን እያሰጣች፣

"ወንድሜ፣ ሰባኪ አልቸገረንም። ያጣነው ውሃ ነው። ታንከሩ ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው" አለችው።

ፋኑኤል እኔን አየኝ። እኔ በእጄ የያዝኩትን የወንጌል ትራክት አየሁ። ኮቱን አውልቆ ለናዚ ሰጣትና ከሱሩር ጋር ከችግኝ ቤቱ በባሊ ውሃ መሸከም ጀመረ። ስብከቱ በዚሁ አለቀ።

እንግዳ ተቀባይ አይደለችም፣ ሴትዮዋ። ክርስቲያን ነኝ ትላለች፣ ግን "ተቀመጡ" እንኳ አላለችንም። ይህን ማሰቤ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ አቅለሸለሸኝ። የሹፌሩ ጥፋት ነው።

ጥቅምት 7

መንገድ ሁሉ ተዘግቷል። ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይ ወጥቷል። ጎማ ይቃጠላል፣ ሽታው በመስኮት ይገባል፣ ልቋቋመው አልቻልኩም። ታች ያለው ዳቦ ቤት የሚጋግረው የዛታር ቂጣ ሽታም እንደዚያው። ባለፈው ሳምንት ወድጄው ነበር። ናዚ በረንዳ ላይ ሆና ከሰልፈኛው ጋር ትጨፍራለች፤ የምትጮኸውን ፋኑኤል ትርጉሙን ጠይቆ ቀይ ሆነና እንዳትደግመው ከለከላት።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

የዛሬውን በቅጡ ልጻፈው።

ቫን ስለሌለ ከኮላ ወዲያ በእግር ጀመርን። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ሰዉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆሟል፤ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ አገሩን በእጅ ሊያገናኙት ነው አሉ። ለማለፍ ስንሞክር አንዲት ባለ ነጭ ፀጉር አሮጊት የፋኑኤልን እጅ አፈፍ አደረገች። እኔንና ናዚንም ሳቡን። ወንጌላዊ ፋኑኤል፣ በአገሩ ከሰልፍ ሲሸሽ የኖረ ሰው፣ በአንድ እጁ አሮጊቷን በሌላው አንድ ባለ ንቅሳት ጎረምሳ ይዞ "ሃሌሉያ" ይላል። አሮጊቷ "ሹ?" አለችው፤ ምን አልክ ማለቷ ነው። "ሃሌሉያ" አላት። እሷም ደገመችለት። ተሳሳቁ።

ኻልዴ ስንደርስ ደክሞኛል። ከችግኝ ቤቱ የሎሚ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና አንድ ሎሚ ቆርጬ በላሁ። ከዚያ ሌላ። እሙሽ፣ የወሎ ልጅ፣ ከሁሉም ሳቂታዋ፣ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"ሩሃማ፣ ሎሚ እንዲህ ትወጃለሽ እንዴ?"

"ጠምቶኝ ነው።"

"እእ" አለች። ሽታዬን አየቻት። ሽታዬም አየችኝ። ምን እንዳዩ አላውቅም።

እሙሽ ሙስሊም ናት። ፋኑኤል ሲጸልይ ግን ራሷን ሸፍና ትሰማለች፤ "በነፃ የሚገኝ ዱዓ አይጠላም" ትላለች። ሥራ እየጠፋ ነው። ቤት የሚያጸዱላቸው ማዳሞች ባንክ ተዘግቷል እያሉ እያሰናበቷቸው ነው። ማታ ማታ የሚበሉት ዳቦና የወይራ ፍሬ ነው። እኛ ይዘን የሄድነው አንድ ከረጢት ብስኩት ነበር። አፈርኩ።

ጥቅምት 24

ሮማነወርቅ ደወለች። "ስንት ነፍስ ተገኘ? አዲስ አበባ ሪፖርት ይጠብቃል።" ፋኑኤል "በጸሎት ላይ ነን" አላት። ስልኩን ዘጋ። ያለ ምክንያት አለቀስኩ። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። የምግቡ ለውጥ ይሆናል።

ኅዳር 3፣ ኻልዴ

በችኮላ። ትናንት ሩዝና ዘይት ይዘን መጣን። ከኋላችን መንገዱ ተዘጋ፤ ጎማ፣ አፈር፣ ወታደር። መመለስ የለም። እዚሁ አደርን። ሽታዬ ፍራሿን አነሣችና እኛ ክፍል አነጠፈችው፤ እሷ ካርቶን ላይ ተኛች። "አይሆንም" ብላት፣ "ኸላስ፣ በቃ፣ አትጨቅጭቂኝ" አለችኝ። ደግሞ ውሃ ስሸከም ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ወደቅሁ መሰለኝ። ስነቃ እሷ ናት ጭንቅላቴን የያዘችው። ጆሮዬ ላይ ቀስ ብላ፣ "ስንተኛ ወርሽ ነው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"አንቺ ልጅ!"

"የለም፣ የለም። ድካም ነው" አልኩ።

ድካም ነው።

ኅዳር 4

ደም አየሁ። ጥቂት ነው። ግን ደም ነው።

እንግዲህ ልጻፈው። ከናዚ በኋላ ሁለት ፅንስ ጠፍተውብኛል። ሁለቱም በሦስተኛው ወር። ከሁለተኛው በኋላ ለፋኑኤል "ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አናውራ" አልኩት፤ እሱም ቃሉን ጠብቆ አንድም ቀን አላነሣም። እኔም ለራሴ አላነሣሁም። በዚህ ደብተር ላይ ሹፌሩን፣ ዛታሩን፣ ጎማውን፣ ምግቡን የከሰስኩት አውቄ ነው፤ ወይ ሳላውቅ። ካልጠራሁት የማይሄድ መስሎኝ።

ጠዋት ለፋኑኤል ነገርኩት። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ቆመ። ሊጸልይ አፉን ከፈተ። ሽታዬ ገባች፣ አየችን፣ ገባት።

"ጸሎቱ ይደርሳል" አለችው። "መጀመሪያ ሐኪም። ከሃጂዙ ወዲህ፣ ከመስጊዱ አጠገብ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ አለ። የእሙሽ ዐረብኛ ከእኔ ይሻላል። ሱሩር! ያንን የችግኝ ጋሪ አምጣ!"

ሱሩርም "ሩሃማ፣ ውጪ፣ ሠረገላሽ መጥታለች" አለኝ። እኔ፣ የወንጌላዊ ፋኑኤል ባለቤት፣ በሁለት የጽጌረዳ ማሰሮ መካከል ጋሪ ላይ ተቀምጬ በኻልዴ የውስጥ መንገድ ተገፋሁ። እየፈራሁም ሳቄ መጣ። እሙሽ ከጎኔ እየሮጠች ለሚያልፈው ሁሉ በዐረብኛ "ንግሥታችን ናት" ትላለች።

ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። በመሣሪያው ብዙ ፈለገች። የእሙሽን እጅ ጨብጬ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረችው። ትንሽ ነገር፣ እንደ ባቄላ፣ መካከሉ ላይ ቶሎ ቶሎ ጭልጭል የሚል።

"ልቡ ነው ትላለች" አለች እሙሽ። ሐኪሟ ሌላም ብዙ ተናገረች፤ እሙሽ ግን እያለቀሰች ስለነበር መተርጎሙን ረሳችው። በኋላ እንደነገረችኝ፦ መተኛት፣ ምንም አለመሸከም፣ ቫን ላይ አለመውጣት።

ቫን ላይ አለመውጣት ማለት ደክዋኔ አለመመለስ ማለት ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ልናገለግላቸው መጣን፤ እያገለገሉን ነው። ይህን ለሮማነወርቅ እንዴት እንደምንነግራት ፋኑኤል ጨንቆታል።

የእትዬ ሽታዬ ሕግ ይህ ነው። ለሽንት ካልሆነ አልነሣም። ጎንበስ አልልም። ልብሴን እሷ ታጥባለች። ክፉ ወሬ በእኔ ክፍል አይወራም፤ የሥራ መጥፋት፣ የብር መርከስ፣ የተባረረች ሰው ታሪክ ሁሉ ከበር መልስ። ስለዚህ ሴቶቹ ሲገቡ የሚያወሩት ፊልም ብቻ ነው። አንድ የቱርክ ድራማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተተርኮልኛል፤ እሙሽ ሁሉንም ሰው እየሆነች ትሠራዋለች፣ ሱሩር ፈረሱን ይሆናል።

ናዚ ጠዋት ጠዋት ከሱሩር ጋር ችግኝ ታጠጣለች። ለእኔ ትምህርቷን ታነባለች። ደክዋኔ ሳለች ሌሊት ትባንን ነበር፤ እዚህ አስተኝተናት እስክትነቃ እንተኛለን።

እኔ ግን ስተኛ ሌላ ነገር ይታየኛል። "እንግዳ ተቀባይ አይደለችም" ብዬ የጻፍኩት ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ሴትዮዋ ያኔ የምታስቀምጥበት ወንበር አልነበራትም። አሁንም የላትም።

ታኅሣሥ 1

የፈራነው ቀን አለፈ። የትኛው ቀን እንደሆነ አልጽፍም። ፋኑኤል ግን ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ጫማውን ግራና ቀኝ ቀያይሮ አድርጎ ነበር። ማታ ሲመለስ እግሬ ሥር ተቀምጦ እግሬን እንደ ሕፃን ይዞ ቆየ።

ታኅሣሥ 20

ዝናብ። የእነሱ ክረምት አሁን ነው፤ ላስቲኩ ሌሊቱን እንደ ከበሮ ሲመታ አደረ።

የፋኑኤልን ነገር አልጻፍኩም። ስብከት ያቆመ ይመስላል። አላቆመም። ከችግኝ ቤቱ ጀርባ ድንጋይ የሞላበት መሬት ነበር፤ ባለቤቱ "ጠርጋችሁ ተጠቀሙበት" አላቸው። ባሌ የገበሬ ልጅ ነው፤ ከሴቶቹ ጋር ድንጋዩን ለቅመው፣ ቆፍረው፣ የሐበሻ ጎመን ዘሩ። ዘሩን እሙሽ በአንዲት ወደ አገር ቤት ሄዳ በተመለሰች ልጅ አስመጣችው። ሲቆፍሩ ያወራቸዋል። አውሮፕላን ሲመጣ ዝም ይላል፤ ሲያልፍ ይቀጥላል። ትናንት የሩትን ታሪክ ሲነግራቸው በመስኮት ሰማሁ፤ ኑኃሚን ባዶ እጇን ስትመለስ አንዷ "ወይ እኔን!" አለች፣ ሽታዬ ደግሞ "ዝም በይ፣ ይጨርስ" አለቻት። ዝም በይ፣ ይጨርስ! እሷ!

ዛሬ ሮማነወርቅ ራሷ መጣች። ሳትነግረን። በዝናብ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ፊቷ ተቆጥቷል። ፋኑኤል ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተቀበላት።

"ወንጌላዊ፣ አዲስ አበባ ስለ ወንጌል ይጠይቀኛል፣ አንተ ጎመን ታበቅላለህ?"

እትዬ ሽታዬ ከደረጃው ወረደች። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ቆሙ። የሚጋጩ መስሎኝ በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩ።

"አንቺ ነሽ የላክሻቸው?" አለች ሽታዬ።

"እኔ ነኝ።"

"አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ስንኖር ከሃጂዙ ወዲያ ያለ ሐበሻ በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ።"

ሮማነወርቅ ጃንጥላዋን አጠፈች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ጃንጥላዋን አጠፈች። "ይህ ጎመን ለሽያጭ ነው?" አለች። ስትሄድ ሁለት ከረጢት ተሸክማ ነበር፤ ከእንግዲህ በየእሑዱ ደክዋኔ አዳራሹ በር ላይ እሷ ልትሸጥላቸው ነው። ሪፖርቱንም ራሷ ልትጽፈው ነው። ምን ብላ እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ ባንጠይቃት ይሻላል።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

ሽታዬ ሌሊት ሻማ አብርታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ጸለየች፤ ቅዳሴ ባይኖርም የለመደችውን አላስቀረችም። ጠዋት እኔ ጋ ገባች፣ እጇን ሆዴ ላይ ጫነች፣ በራሷ መንገድ፣ በእመቤታችን ስም እየማለደች ደገመችልኝ። ፋኑኤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እንዲህ አይጸለይም ብሎ ደክዋኔ ላይ ስንቴ አስተምሯል! ፊቱን አየሁት። ስትጨርስ "አሜን" አለ። ጮክ ብሎ።

ከዚያ እሙሽ የሠራችውን ዶሮ በላን። የአርባ ቀን ዕድሜ እንኳ የሌላት ዶሮ ይመስለኛል፤ ግን ለሁላችንም ደረሰች።

የካቲት 14

ረገጠኝ! ናዚ እጇን አስቀምጣ ስትጠብቅ ደግሞ ረገጠ። "እማዬ፣ መልስ ሰጠኝ!" ብላ ፎቁን ሁሉ አስነሣች።

አገሩ ውስጥ ያ አዲስ በሽታ ገብቷል አሉ። እሙሽ በራዲዮ ሰምታ መጣችና ልትነግረኝ ስትል ሽታዬ ከደረጃው መለሰቻት። ስለዚህ የሰማሁት ከሱሩር ነው፤ "ሩሃማ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ኮሮና መጥታለች" ብሎ እሷንም ሴት አደረጋት።

መጋቢት 7

ኤርፖርቱ ነገ ማታ ይዘጋል። ሮማነወርቅ እያለከለከች ደወለች፤ ለሦስታችን ወንበር አግኝታለች፣ ጠዋት መወሰን አለብን። "እስከ መጋቢት ብቻ" ብዬ ነበር። ይኸው መጋቢት።

ሐኪሟን ጠየቅናት። "ያለፈውን ስለማውቅ እንድትበሪ አልመክርሽም። ግን የራስሽ ውሳኔ ነው፤ አገርሽ ነው፣ ቤትሽ ነው" አለች። ፋኑኤል "አንቺ ያልሽው ይሁን" አለ። እንዲህ ሲለኝ እናደዳለሁ፤ ሁልጊዜም እውነቱን ነው።

ሽታዬ ዕቃችንን ማጣጠፍ ጀመረች። የናዚን ሹራብ አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጣጠፈችው።

"እትዬ ሽታዬ፣ ተይው" አልኳት። "አንሄድም።"

"ለምን?" አለች ሳትዞር።

"ጎመኑን ማን ያጠጣል?"

እሷም ሹራቡን ፊቷ ላይ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋበት "ይታጠባል" አለች።

መጋቢት 12

አውሮፕላን የለም። ሰማዩ ባዶ ነው። ፋኑኤል ዛሬ ያለ ማቋረጥ ሰበከ። በጣም ረዘመ። እሙሽ "ያ አላህ፣ አንድ አውሮፕላን ላክልን" አለች።

ሚያዝያ 19

ሥራ ያጡ ልጆች ከየቦታው እየመጡ ነው። ማዳሞቻቸው ከነሻንጣቸው በር ላይ ያቆሟቸው። ላይኛው ወለልም ሞላ። ሱሩር ለእኛ ክፍል እውነተኛ በር ሠራልን። ጎመኑ አዲስ መደብ ያስፈልገዋል። የደክዋኔው ኅብረት ዱቄት ይልካል፤ ሮማነወርቅ ራሷ ትሸኘዋለች። ሽታዬ ታከፋፍላለች። የሚቆጣት የለም፣ የሚያታልላትም የለም።

ደህና ነኝ። ሆዴ በሩን ቀድሞኝ ይገባል።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ለመውለድ ከሃጂዙ ወዲያ ያለ ሆስፒታል ነው የምሄደው። በበሽታው ምክንያት የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው። ፋኑኤል ናዚ ስትወለድ ደም አይቶ ወድቆ፣ አዋላጇ እኔን ትታ እሱን ነበር ያነሣችው። ማን እንዲገባልኝ እንደምፈልግ አውቃለሁ። እሷን ግን መጠየቅ አልችልም። ወረቀት የሌላትን ሴት በወታደር ፊት አሳልፊኝ ብሎ መጠየቅ ነው። ቢይዟት እስር ቤት ነው፣ ከዚያ መባረር። አልጠይቃትም። ማሰቤ ራሱ ራስ ወዳድነት ነው።

ግንቦት 28፣ አርብ

ጠዋት ጀመረኝ ሱሩር የችግኝ ፒካፑን አስነሣ

ግንቦት 29፣ ሆስፒታል

ወንድ ነው። ደህና ነው። ይጮኻል፣ ይጠባል፣ ይጮኻል።

አልጠየቅኋትም። ፒካፑ ላይ ስወጣ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኔ ተቀምጣ አገኘኋት። ፋኑኤል "እትዬ ሽታዬ፣ ሃጂዙ..." ሲላት፣ "ንዳ!" አለች፤ ለሱሩር ነው። ወታደሩ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ምጥ መጣብኝና ጮኽኩ። ዘሎ ወደ ኋላ ሄዶ በሁለት እጁ እለፉ አለን።

የሆስፒታሉ በር ላይ ጠባቂው "አንድ ሰው ብቻ" አለ። ወደ ሽታዬ እያመለከተ "ይቺ ማን ናት?" አለኝ።

"ማማ" አልኩ። "እናቴ ናት።"

የወንጌላዊ ሚስት በሆስፒታል በር ላይ ዋሸች። ንስሐ ልገባበት አስቤ ነበር፤ እስካሁን ግን አልተመቸኝም። ሽታዬ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እጄን አለቀቀችም። ሐኪሞቹ አማርኛ አያውቁም፣ ግን ስታዛቸው ይታዘዛሉ። ልጁ ሲወጣ እልልታዋ ኮሪደሩን አናወጠው፤ ነርሷ ልትቆጣ ገብታ እየሳቀች ወጣች። ፋኑኤልና ናዚ፣ ሱሩርና ከደክዋኔ የመጣችው ሮማነወርቅ መኪና ማቆሚያው ላይ ሆነው እልልታውን ሰምተው ነው ያወቁት። በመስኮት አየኋቸው። ሮማነወርቅ ጃንጥላዋን ወደ ላይ እየወረወረች ትቀልባለች።

ስሙ ላይ አልተስማማንም። ፋኑኤል ዘመንፈስቅዱስ ይባል አለ። ሽታዬ፣ "ጠርቼው ሳልጨርስ ጎዳናው ላይ ይደርስብኛል" አለች።

ሰኔ 1፣ ኻልዴ

ዛሬ ወደ ቤት መጣን። ስንወጣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ከዚያ ሃጂዙ ታየ። አሁን የሚያስጮኸኝ ምጥ የለም። ፋኑኤል ፓስፖርቶቹን እጁ ላይ አዘጋጀ፤ ሦስት ናቸው። ሽታዬ ልጁን ታቅፋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች።

ወታደሩ ወጣት ነው፤ ጭምብሉ ከአፍንጫው ወርዷል። ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ አየ። መለሰ። ወደ ሽታዬ ጎንበስ ብሎ በትልቅ ድምፅ፣

"አንቺስ? ወረቀትሽ?" አላት።

ፋኑኤል ዓይኑን ጨፈነ። ሽታዬ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

"ሽሽ! ድምፅህን ቀንስ!" አለችው በዐረብኛ። "አሁን ነው የተኛው። ብታነቃው አንተ ታባብለዋለህ?"

ወታደሩ ደነገጠ። ነጠላውን ትንሽ ገለጥ አደረገችለት። አንገቱን አስግጎ አየ። ጭምብሉን ወደ ላይ ሳበ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ እሱም በሹክሹክታ፣ "ማብሩክ ማማ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ያላ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ" አለ።

አለፍን። ልጁን ከሽታዬ ልቀበላት ስል አልሰጠችኝም። ትንሽ እንደሄድን ሱሩርን "ቀስ በል፣ ቀስ በል" አለችው። ለልጁ ብላ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ግን ዓይኗ ከመስኮቱ ውጪ ነው። ባሕሩ በፀሐይ ተዘርግቷል፤ ሰው ዳሩ ላይ ዓሣ ያጠምዳል።

"አራት ዓመት ከጎኑ ስኖር እንዲህ በግልጥ አይቼው አላውቅም" አለች። "ሁልጊዜ ከግድግዳ ጀርባ ነበርኩ።"

ሱሩር መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። "ውረጂ፣ እዪ" አላት።

ወረደች። ልጁን እንደታቀፈች የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠች። እኛም ከኋላዋ ወረድን፣ ናዚ እየሮጠች። ማንም "እንሂድ" አላለም።